የሚክያስ ደም

የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ አልፎ ሥራ በተጀመረበት ዕለት ጠዋት፣ ዶክተር ሐዳሳ ሎምቤቦ የላብራቶሪውን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያገኛት ሽታው ነው። አይጥ የሞተ መሰላት። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ መስኮቱን ከፈተች፤ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ ምንም የለም። ቀና ስትል ዓይኗ ጥግ ላይ ከቆመው ትልቅ ፍሪዘር አረፈ። ሁልጊዜ ቁጥር የሚበራበት ቦታ ጨልሟል። ከሥሩ የወጣው ውሃ እስከ መካከለኛው ጠረጴዛ እግር ድረስ ወርዶ ቆሟል።

ጓንት ሳታጠልቅ እጀታውን ያዘችው። ያ በር ወትሮ በረዶ ስለሚይዘው በሁለት እጅ ተጎትቶ ነበር የሚከፈተው። ዛሬ እንደ ቁም ሳጥን በር ለስለስ ብሎ ተከፈተ። የገማ፣ ለብ ያለ አየር ፊቷን መታት። ሳጥኖቹ ርሰው እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። አንዱን ስታነሳው ሥሩ ተቀደደና ትንንሾቹ የደም ብልቃጦች ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ቀይ መሆን የነበረበት ደም ጠቁሮ የቡና አተላ መስሏል።

"ኤሊያስ!" ብላ ተጣራች። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለች አታስታውስም።

የላብራቶሪው ቴክኒሻን ኤሊያስ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። አየ። ብርጭቆውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። ከፍሪዘሩ ጀርባ ገብቶ ሶኬቱን ነካካ፣ ስታቢላይዘሩን አሸተተ፣ ቀስ ብሎ ወጣ።

"በበዓሉ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ነበር የከረመው። የመጣ ጊዜ ኃይሉ በዝቶ መሰለኝ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል። ሁሉም ሰው አገር ቤት ነበር። ማን ያያል?"

ሐዳሳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ውሃውን ሲመጥ እንኳ አልታወቃትም። አላለቀሰችም። ኤሊያስ ሲያነጋግራት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች እንጂ ቃሉ አይደርሳትም።

ሐዳሳ ላብራቶሪው ባለበት በሆሳዕና ተወልዳ ያደገች፣ የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ናት። ሦስተኛ ዲግሪዋን ግማሹን አዲስ አበባ፣ ግማሹን ኖርዌይ ሠርታ ስትጨርስ፣ እዚያው ቅሪ ያሏትን ትታ ከሦስተኛ ዲግሪ በኋላ በሚሠራ የኮንትራት ምርምር፣ በፖስት ዶክ ተመራማሪነት፣ አገሯ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ መጣች። እናቷ ይህን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት አቅቷቸዋል። "ተማሪ ነሽ ወይስ አስተማሪ?" ይሏታል። "ሁለቱም አይደለሁም እማዬ፣ ተመራማሪ ነኝ" ስትላቸው፣ "ታዲያ ተምረሽ መቼ ነው የምትጨርሺው?" ይላሉ። ውላቸው በየዓመቱ የሚታደስ ሰዎች ሁሉ እንደሚሆኑት፣ እሷም ይህን ጥያቄ ስቃ ታልፈውና ማታ ብቻዋን ስትሆን መልሳ ታስበዋለች።

የምታጠናው በሀዲያና በከምባታ ገጠሮች በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ወንድ ልጆችን የሚይዝ የጡንቻ በሽታ ነው። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ሲሮጥ መውደቅ ይጀምራል፤ አሥር ሳይሞላው ወይም እንደሞላው እግሩ ይከዳዋል፤ ብዙዎቹ ጎልማሳነትን አያዩም። ጥፋቱ ከወላጅ በሚወረሰው ዘር ውስጥ፣ በአንድ ቦታ ላይ የሚገኝ ጉድለት ነው። እናት ሳትታመም ተሸክማው ለልጇ ታስተላልፋለች። ሐዳሳ ያ ጉድለት በየቤተሰቡ የት ቦታ ላይ እንዳለ ለማግኘት ከአንጋጫ እስከ ሞርሲቶ በእግር፣ በባጃጅ፣ በሞተር ሳይክል እየዞረች ደም ሰብስባለች። ከውጭ የታዘዘው መመርመሪያ ኬሚካል ዛሬ ነገ ሲባል ስለዘገየ፣ ደሙ እንደተቀዳ በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ላሉት የጥናቱ ኃላፊ፣ ለፕሮፌሰር ሕዝቅኤል ደወለች። ነገረቻቸው።

"ሁሉም?" አሉ።

"ሁሉም።"

"እሺ። እሺ ሐዳሳ። ሰዎቹ አሉ አይደል? ሄደሽ እንደገና ትቀጃለሽ። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።"

"አብዛኞቹ አሉ፣ ፕሮፍ።"

"አብዛኞቹ ማለት?"

"አንዱ ልጅ ሞቷል።"

ልጁ ሚክያስ ነበር፤ የሞርሲቶው። ደሙን ስትቀዳው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። የፕላስቲክ ወንበር ላይ በነጠላ ታስሮ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ነበር ያገኘችው። ሌሎች ልጆች መርፌ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እሱ ግን ደሙ ወደ ብልቃጡ ሲገባ ትክ ብሎ አየና፣ "የሚሮጡት ልጆች ደምም እንደዚህ ነው?" ብሎ ጠየቃት። "እንደዚሁ ነው" አለችው። አላመናትም። በዓመቱ ክረምት ላይ ሳንባው ታምሞ ሞተ።

የሚክያስ እህት ሮዳስ እዚያው ሞርሲቶ አስተማሪ ናት። ዱራሜ የሚሠራ ኤፍሬም የሚባል እጮኛ አላት። የእናቷ ወንድምም በልጅነቱ በዚሁ በሽታ ስለሞተ፣ እኔም ተሸካሚ ብሆንስ እያለች ሐዳሳን ደጋግማ ጠይቃታለች። ይህን ለማወቅ ደግሞ በመጀመሪያ ጉድለቱን ታምሞ ከነበረው ሰው ደም ውስጥ ማግኘት፣ ከዚያ እሷ ጋ መኖር አለመኖሩን ማየት ይቀላል። በቤቱ ታምሞ የነበረው ሚክያስ ብቻ ነው። የእሱ ብልቃጥ ደግሞ ከጠቆሩት አንዱ ነበር።

ሐዳሳ ሌሎቹን ትታ መጀመሪያ ሞርሲቶ ለመሄድ ወሰነች። ከሆሳዕና መናኸሪያ ጠዋት በወጣ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ስኳርና ሳሙና በፌስታል ይዛ ሄደች። የምትለውን በሀዲይኛ መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ ቆየች።

የሚክያስ እናት እታለም ከእንሰቱ ጥግ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ባላቸው ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ስምንተኛ ዓመቱ ነው፤ የልጁን ቀብር እንኳ ያየው በስልክ ነው። ሐዳሳን ሲያዩ ብድግ ብለው ሳሟት፣ አጠገባቸው አስቀመጧት፣ የእናቷን ጤና ጠየቁ።

"እትዬ እታለም፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት" አለች ሐዳሳ። "በበዓሉ መብራት ተበላሽቶ፣ ከሰዎች የወሰድኩት ደም ሁሉ ተበላሸብኝ። የእርስዎንና የሮዳስን እንደገና እቀዳለሁ። የሚክያስ ግን…"

"የሚክያስ ምን?"

"የሚክያስ ደምም ተበላሽቷል።"

የእታለም እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ። "መቼ?"

"በበዓሉ።"

"በዘንድሮው ያሆዴ?"

"አዎ።"

እታለም ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ሐዳሳ አልጠበቀችውም። ቁጣ መስሏት ነበር። አልነበረም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ዓይናቸው ፈጦ ቀረ።

"ልጄን ቀብሬ ዓመት አልፎኛል" አሉ። "እስከ ያሆዴ ደሙ ነበረ ነው የምትዪኝ?"

"በረዶ ውስጥ ነበር።"

"አንቺ ጋ?"

"እኔ ጋ።"

"ሆሳዕና?"

"ሆሳዕና፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ።"

"በዚያ በር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ" አሉ እታለም። "ለገበያ ስመጣ ባጃጁ በዚያ በር ነው የሚያልፈው። ልጄ እዚያ ውስጥ ነበር?"

ሐዳሳ ስንት ዓመት ተምራ፣ ስንት ሰው ፊት ቆማ ስለዚህ ጥናት አስረድታ፣ ይህ አንድም ቀን ታስቧት አያውቅም። ለእሷ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ናሙና ነበር። ለእኚህ ሴት ደግሞ ዛሬ፣ ዱካ ላይ እንደተቀመጡ፣ ከልጃቸው የቀረ ነገር እንዳለና እሱም እንደጠፋ በአንድ አፍታ ተነገራቸው። የያዘችውን የስኳር ፌስታል ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"መርምራችሁ የደፋችሁት መስሎኝ ነበር" አሉ እታለም። "ማንም አልነገረኝም።"

"አልነገርኩዎትም። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"አሁንስ የት ነው? ደፋሽው?"

"አልደፋሁትም። ተራ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።"

"አምጪልኝ።"

"እትዬ…"

"አምጪልኝ ብያለሁ። የልጄ አካል ነው። ከጎኑ እቀብረዋለሁ።"

ሮዳስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለቱን ሴቶች ተፋጠው አገኘቻቸው። ነገሩን ስትሰማ ደብተሮቿን እንደያዘች እበሩ ላይ ቆመች።

"እማ፣ አይሆንም" አለች። "እኔ ስጠብቀው የነበረው እኮ እሱ ውስጥ ነው።"

"የበሰበሰ ደም ምን ይነግርሻል?"

ሮዳስ ወደ ሐዳሳ ዞረች። ሐዳሳ መዋሸት አልፈለገችም። "ሊነግረን ይችላል፣ ላይነግረን ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም። ሙቀት ላይ ብዙ ቆይቷል። ግን የምንፈልገው ነገር ከደሙ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ሊተርፍ ይችላል።"

እታለም ከዚያ በላይ መስማት አልፈለጉም። ተነስተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም። ሮዳስ ሐዳሳን እስከ ዋናው መንገድ ሸኘቻት። መኪና መጥቶ ሲቆም ሮዳስ፣ "ኤፍሬም ጥር ላይ እንጋባ ይላል" አለች። "ምን ብዬ እሺ እንደምለው አላውቅም።"

ብልቃጡ በሐዳሳ እጅ ነበር። የሚክያስ ደም ሲቀዳ እታለም የፈቃድ ወረቀት ፈርመዋል፤ በወረቀት ደረጃ የሚከለክላት የለም። ኤሊያስ፣ "ሥሪውና ንገሪያቸው፣ ውጤት ካገኘሽ ማን ይቀየምሻል?" አላት። ፕሮፌሰሩም ቀን በጨመረ ቁጥር ተስፋው እንደሚቀንስ አስታወሷት። ልክ ናቸው። ግን ማቀዝቀዣውን እየከፈተች ብልቃጡን ታየዋለች፣ ትዘጋዋለች። የእታለም የተከፈተ አፍ ፊቷ ይመጣባታል። በእነዚያ ቀናት እንቅልፍም ምግብም አልነበራትም።

አንድ ጠዋት የግቢው ጥበቃ ደወለላት። "ዶክተር፣ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ልጄ ውስጥ ነው ያለው ይላሉ። የተማሪ ወላጅ ናቸው ብዬ ስሙን ስጠይቃቸው፣ አንቺን ነው የሚጠሩት።"

ሐዳሳ ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ሮጠች። እታለም ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጋቢ ደርበው ቆመዋል። ብቻቸውን ነበሩ። ለሮዳስም አልነገሩም።

"አሳዪኝ" አሉ።

ላብራቶሪው ውስጥ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ብልቃጡን በጓንት ይዛ አወጣችው። ከጣት ትንሽ የምትበልጥ ብልቃጥ ናት። እታለም ጎንበስ ብለው ላዩ ላይ የተለጠፈውን አዩ። ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው ያለበት።

"ስሙስ?"

"ስም አንጽፍም፣ እትዬ። ምስጢሩ እንዲጠበቅ ነው። በቁጥር ነው የምናውቃቸው።"

"ልጄን በቁጥር ነበር የምታውቂው?" አሉ። እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ እንደ መገረም ነበር። ያ ነው ሐዳሳን የባሰ የመታት። ቀለሙ የማይለቅ ብዕር ከኪሷ አወጣች፤ ደንቡ እንደሚከለክል እያወቀች ከቁጥሩ ሥር "ሚክያስ" ብላ ጻፈች።

እታለም ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ፣ "ለሮዳስ ስንት ይበቃል?" አሉ።

"ግማሹ።"

"ግማሹን ውሰጂ። ሌላውን ስጪኝ። እዚሁ ሆኜ ልይ።"

የታዘዘው ኬሚካል አሁንም አልደረሰም። ሐዳሳ ግን መጠበቅ አላስፈለጋትም፤ ተማሪ ሳለች የተማረችው አሮጌ ዘዴ ነበር። በጨው፣ በሳሙና መሰል ፈሳሽና በቀዝቃዛ አልኮል የሚሠራ፣ ረጅምና አድካሚ ዘዴ ነው። እስካሁን ያልተጠቀመችበት ጥናቱ ሁሉም ናሙና በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሠራ ስለሚጠይቅ ነው። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ኤሊያስ ናሙናውን የሚያሽከረክረውን ማሽን አዘጋጀላት፤ ሙቅ ውሃው ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት እስኪሞላ እታለም ከወንበሩ አልተነሱም። ምሳ ቢባሉ እንቢ አሉ።

ወደ ማምሻው ሐዳሳ ጥርት ያለውን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጋ ቀዝቃዛውን አልኮል በላዩ ቀስ ብላ አፈሰሰች። ካልተበላሸ ደም ቢሆን ኖሮ ነጭ ክር ተጠቅልሎ ይወጣ ነበር። ምንም አልታየም። ቱቦውን አዘነበለችው፣ አቃናችው። ኤሊያስ ፊቱን አዞረ። ሐዳሳ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ በሁለቱ ፈሳሾች መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነጭ ነገር ታየ። ብትተነፍስበት የሚጠፋ ይመስላል።

"ይሄ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እትዬ፣ ይሄ ነው።"

እታለም ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ያዙት። "ልጄን የገደለው ይሄ ነው?"

"በዚህ ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር አለ፣ የገደለው እሱ ነው" አለች ሐዳሳ። "ሌላው ግን ሚክያስ ነው። ቁመቱም፣ ዓይኑም፣ ሁሉም።"

እታለም አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ። ሐዳሳ የቀረውን ደም የያዘውን ብልቃጥ አሽጋ፣ በጥጥ ጠቅልላ፣ በሁለት ፌስታል ደርባ እንዳይከፍቱት አስጠንቅቃ ሰጠቻቸው። ይህም ከደንቡ ውጭ ነው። ኤሊያስ "ስልክ ላናግር" ብሎ ወጣ፤ ስልኩ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

በበጋው ሐዳሳ የተበላሸባትን እንደገና ለመሰብሰብ ስትዞር ከረመች። አሁን ግን በሄደችበት ቤት ሁሉ ደሙ የት እንደሚቀመጥ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ልጁ ቢሞት ምን እንደሚደረግ ቀድማ ትናገራለች። አንዳንዶቹ ይህን ሲሰሙ አንሰጥም አሉ። ውሏ ለአንድ ዓመት ታደሰ።

ከእናቱና ከእህቱ አዲስ ከተቀዳው ደም ጋር ወደ አዲስ አበባ የተላከው የሚክያስ ናሙና ውጤት የመጣው ጥር ሲገባ ነው። ጉድለቱ ተገኝቷል። እታለም ላይ አለ። ሮዳስ ላይም አለ። ሐዳሳ ወረቀቱን ሦስቴ አነበበችው፤ ዕድሉ እኩል ለእኩል እንደሆነ ብታውቅም፣ ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ ሮዳስ ነፃ ትሆናለች ብላ ልቧ ወስኖ ነበር።

ሮዳስ ሆሳዕና መጣች። ሐዳሳ ማስረዳት ስትጀምር ሮዳስ እጇን አንስታ አስቆመቻት። "በሀዲይኛ ንገሪኝ" አለች። "በአማርኛ ስሰማው የሌላ ሰው ወሬ ይመስለኛል።" ሐዳሳ በሀዲይኛ ነገረቻት፤ ወንድ ልጅ ብትወልድ የመታመሙ ዕድል ከሁለት አንድ እንደሆነ፣ ሴት ልጅም እንደሷ ልትሸከም እንደምትችል። ሮዳስ ጣቶቿን እያፍተለተለች ሰማች። ምንም አልጠየቀችም። "የሞርሲቶው መኪና ሳይሄድ" ብላ ተነሳች።

በሳምንቱ ያልታሰበ እንግዳ መጣ። ኤፍሬም ነበር፤ ከዱራሜ ሥራውን ትቶ መጥቷል። ረጅም፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ሮዳስ ሁሉን ነግራዋለች፣ ከፈለግክ ተወኝ ብላዋለች። ሐዳሳ፣ ለማፍረስ ሰበብ ሊጠይቅ የመጣ መስሏት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ተቀበለችው። እሱ ግን ሮዳስ ያልጠየቀችውን ሁሉ ጠየቀ፤ ሲወለድ ይታወቃል ወይ፣ መድኃኒት ይመጣል ወይ፣ ምን ያህል ጊዜ በደህና ይሄዳል። የምታውቀውን መለሰችለት፣ የማታውቀውን አላውቅም አለችው። በመጨረሻ፣ "እማዬን ምን ልበላት?" አለ። "ሠርግ እየደገሰች ነው።"

"እኔ ልንገራቸው?" ያለችው ሐዳሳ ራሷ ናት፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

"ከምባትኛ ትችያለሽ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ለእማዬ ትንሽ አይበቃትም" አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቅዳሜ ዱራሜ ሄዱ። የኤፍሬም እናት ሁሉን ከሐዳሳና ከልጃቸው አፍ ሰሙ፣ እሷ ያላወቀቻቸውን ቃላት እሱ ሞላላት። ሴትዮዋ እሺም እንቢም አላሉም። ምሳ አበሏቸው፣ ሸኟቸው። የጥር ወሩ ሠርግ ቀረ።

ሐዳሳ ነገሩ እዚያው ያበቃ መስሏት፣ ወርና ከዚያ በላይ ለሮዳስ ለመደወል አፈረች። አንድ ቀን አንጋጫ አጠገብ፣ በአንድ ቤት ደጅ የሌላ ልጅ ክንድ ላይ ላስቲክ እያሰረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሮዳስ ነበረች።

"የኤፍሬም እናት ዛሬ እኛ ጋ መጥተው ነበር" አለች። "ሞርሲቶ ድረስ። ብቻቸውን።"

"ምን አሉ?"

"ከእማ ጋር የሚክያስ መቃብር ሄደው ቆዩ። ምን እንደተነጋገሩ አልነገሩኝም። ሲመለሱ፣ የኤፍሬም እናት ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ።"

ሐዳሳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ላስቲክ የታሰረለት ልጅ ግራ ገብቶት እናቱን አየ፤ እናቱም ሐዳሳን።